እስከ ወደቡ በውሃ፣ ከወደቡ እስከ ደጅ በመኪና፦ የጋሽ ቀስ በሉ የሕይወት ታሪክ

«ተራው የኔ ነው!»

«ተራው ያንተ የሚሆነው እመዝገቡ ላይ ስጽፍህ ነው!»

ባለጀልባውና የቦዩ በር ጠባቂ በዚህ ቃል መፋጠጥ ከጀመሩ ግማሽ ቀን አልፏቸዋል። ከፊት ጨው የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ተሰልፈዋል። ባለጀልባው ቀድሜ ልለፍ ይላሉ፤ ጠባቂው መዝገቡን ደረታቸው ላይ አቅፈው ሕግ ሕግ ነው ይላሉ። ይህን ጊዜ ከጀልባዋ ጓዳ፣ «እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ የያዝኩት ግን ተራ አይጠብቅም!» የሚል የሴት ድምፅ ወጣ። የበሩ ጠባቂ መዝገቡን ጥለው ወደ መዘውሩ ሮጡ።

ሁላችንም ጋሽ ቀስ በሉ እያልን የኖርናቸው ሰው ከባለጀልባው አባታቸውና የጀልባዋን መሪ ከአባታቸው ይልቅ አሳምረው ይይዙ ከነበሩት እናታቸው፣ ሰኔ 4 ቀን 1938 ዓ.ም. የተወለዱት በዚህ ሁኔታ ነበር።

የትውልድ ቦታቸውን በተመለከተ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ቦዩ ከወንዙ ዝቅ ይላል። ጀልባ ከቦዩ ወደ ወንዙ የሚወጣው ከታችና ከላይ ትልልቅ በሮች ባሉት የድንጋይ ገንዳ በኩል ነው። ጀልባዋ ትገባለች፣ የታችኛው በር ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ እያለ ይሞላና ብብቷን ይዞ እንደ ሕፃን ያነሳታል። ጋሽ ቀስ በሉ የተወለዱት ውሃው ገንዳውን እኩል በሞላ ጊዜ ነው። አባታቸው ሊያስመዘግቡ ወደ ታችኛው ከተማ ሲሄዱ ጸሐፊው፣ «ውሃው ተነስቷል ብለዋል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ አልተወለደም» አሏቸው። የላይኛው ከተማ ጸሐፊ ደግሞ፣ «በሩ አልተከፈተም ብለዋል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ አልደረሰም» አሉ። ከሦስት ወር ምልልስ በኋላ የታችኛው ጸሐፊ ሰልችቷቸው፣ የትውልድ ቦታ በሚለው ፊት ለፊት «እኩሌታ» ብለው ጻፉ። ይህ ወረቀት በመስታወት ተደርጎ እስከ ዛሬ እቤታቸው ግድግዳ ላይ አለ። እንግዳ ሁሉ ሳያነበው ሻይ አይቀዳለትም ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ወንድማቸው ተወለዱ። እናታቸው በዚያኛው ጊዜ ከበሩ ጠባቂ መዝገብ ጋር መጋፋት ስላልፈለጉ አስቀድመው ወደ ምድር ወጡ። ወንድማቸው በደረቅ መሬት፣ ከአውራ ጎዳና ዳር ባለ ቤት ተወለዱ። ኋላ ለተነሳው ጠብ ሁሉ ጋሽ ቀስ በሉ ምክንያት ያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው። «ምን ይደረግ፣ እሱ ውሃ ሳይነካው የተወለደ ነው» ይሉ ነበር።

የትምህርት ነገር እንደ ጀልባዋ ጉዞ ነበር። ጀልባዋ ታች ስትቆም በታችኛው ትምህርት ቤት፣ ላይ ስትቆም በላይኛው ይማሩ ነበር። የሁለቱ መምህራን ትምህርት ግን አልገጥም አለ። ማባዛትን ሦስት ጊዜ ተማሩ። ማካፈል ታች ሲሰጥ እሳቸው ላይ ናቸው፣ ላይ ሲሰጥ ደግሞ ጭቃ ይዟቸው መንገድ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ማካፈልን ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው፤ የጀልባዋ ጎን ላይ በነጭ ቀለም የተሰመሩትን መስመሮች እያሳዩ፣ ስንት ጆንያ ሲጫን ስንት ጣት እንደምትሰምጥ እያስቆጠሩ። ስምንተኛ ክፍልን በ1953 ዓ.ም. ሲጨርሱ ሠላሳ ቶን ጭነት በዓይናቸው አይተው በአንድ ጆንያ ልዩነት ይገምቱ ነበር። የሥነ ጽሑፍ መምህራቸው ግን «አንድ ድርሰት ለመጨረስ አንድ ዓመት የሚፈጅበት ልጅ» ብለው መዝግበዋቸዋል።

በ1954 ዓ.ም. በአባታቸው ሥር ሥራ ጀመሩ። ጀልባዋ «ሆደ ሰፊ» ትባላለች። ስሟ ለሁለት ነገር ይሠራል። የመጀመሪያው ሆዷ በእርግጥ ሰፊ መሆኑ ነው፤ ሰማንያ ቶን ትውጣለች። ሁለተኛው ጠባይዋ ነው፤ ሲጎትቷት አታኮርፍም፣ ሲያስጠብቋት አትማረርም። ቅጽል ስማቸውም የወጣው በዚሁ ጊዜ ነው። ጭነት ሲወጣና ሲወርድ ከመሪው ቤት ብቅ ብለው፣ «ቀስ በሉ! ቀስ በሉ!» ሳይሉ ስለማይውሉ፣ ወዛደሮቹ «ቀስ በሉ መጡ» ማለት ጀመሩ፤ ስሙም ወላጆቻቸው ካወጡላቸው ስም ይልቅ ተጣበቀባቸው። ከጀልባዋ ጀርባ በራሳቸው እጅ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ጻፉበት። አባታቸው በ1961 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ መሪውን ተረከቡ።

የጋብቻቸው ታሪክ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ባይሆንም ሳይነገር አይታለፍም፤ የቤቱ ወግ የተጀመረው በእሱ ነውና። መዝገቡን የጣሉት የበር ጠባቂ ሴት ልጅ ነበሯቸው። ልጃቸው አድገው የበሩን መዘውር ከአባታቸው እጅ ተቀብለው ነበር። ጋሽ ቀስ በሉ በዚያ በር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያልፉ ከ«እንደምን አደርሽ» ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በ1963 ዓ.ም. ለሦስት ወር ወደ ታች የሚያስቀር ሥራ መጣ። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገር አሉና፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከሆደ ሰፊ ወርደው፣ እፊታቸው ቆመው እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ እኔ መሄዴ ነው። ምናልባትም ላንገናኝ እንችላለን። በሄድኩበት ሁሉ ግን ይህን በርና ይህን በር የምትከፍተውን አልረሳም። ደህና ሁኚ።»

ያማረ ስንብት ነበር። ዘለው ጀልባዋ ላይ ወጡ። ልጅቱም ዓይናቸውን ጠርገው የላይኛውን በር ዘጉ። በዚያን ዘመን ግን ገንዳው ውሃውን ለማፍሰስ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይፈጅ ነበር። ጋሽ ቀስ በሉ የተሰናበቷቸውን ሴት ፊት ለፊት እያዩ ቆመው ቀሩ። ጀልባዋ በደቂቃ አንዲት ጣት ያህል ዝቅ ትላለች። የሚደበቁበት ቦታ የለም። ሩብ ሰዓት እንዳለፈ ከላይ፣

«ገና ነህ?» አሏቸው።

«ገና ነኝ።»

ጉልበታቸው ከድንጋዩ ጠርዝ በታች ገባ።

«እንግዲያው ሻይ ላውርድልህ?»

ሻዩ በገመድ ወረደ። ስኳሩ ተረስቶ ነበርና ስኳሩም በገመድ ወረደ። ወገባቸው ሲሰወር ስለ ወላጆቻቸው ጤንነት ተጠያየቁ፣ ትከሻቸው ሲሰወር ስለ ቤት፣ ባርኔጣቸው ብቻ ሲቀር ስለ ሠርግ። የታችኛው በር ሲከፈት ከጉድጓዱ ውስጥ፣ «ደህና ሁኚ ያልኩሽን ሰርዢው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በዚያው ዓመት ተጋቡ። አማታቸው በሠርጉ ቀን ያንን አሮጌ መዝገብ ይዘው መጥተው፣ ከሰው ፊት ገልጠው፣ «አሁን ተራው የሱ ነው» ብለው ጻፏቸው።

ከዚያ ወዲህ በሆደ ሰፊ ላይ ስንብት ክልክል ሆነ። ጀልባ እንደ ባቡር ተፈትልኮ አይሄድም፤ ደህና ሁን ያልከው ሰው ዳር ዳሩን እየሄደ ግማሽ ሰዓት ያዋራሃል፤ ሁለታችሁም ታፍራላችሁ። ስለዚህ ገመድ ይፈታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሰው ቀና ሲል ጀልባዋ የለችም። ልጆቻቸው ሁሉ፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ፣ ያደጉት በዚህ ወግ ነው። ወንዱ ልጃቸው ዛሬ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ አባታቸው ሲያስተዋውቋቸው፣ «ይኸኛው ማካፈል ነው የሚያስተምረው፣ እኔን ለመበቀል» ይሉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. አዲሱ አውራ ጎዳና ተከፈተ። ወንድማቸው፣ በመኪናቸው ጥሩምባ ምክንያት ሰፈሩ «ጥሩምባ» ያላቸው፣ ከባድ መኪና ይዘው ከተፍ አሉ። ለወትሮው የወንድማማች ቀልድ የነበረው ነገር የእንጀራ ጉዳይ ሆነ። ሆደ ሰፊ በዓመት ስድስት ወር የምትጭነው የሸክላ ፋብሪካውን የጣራ ክዳን ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጭነቱን ወደ መኪና ሊያዞሩ አሰቡ። ጭነቱ ከሄደ ሆደ ሰፊ ጭቃ ላይ ወጥታ ትበሰብሳለች፤ ጋሽ ቀስ በሉም ከልጅነት የሚያውቁት ሌላ ሥራ የላቸውም። አስኪያጁ ግን ፍርደ ገምድል አልነበሩም። «ወንድማማቾች ናችሁ፤ አላጣላችሁም። በላይኛው ከተማ ለሚሠራው ትምህርት ቤት አርባ ስምንት ሺህ ክዳን አለ። ግማሹን አንዳችሁ፣ ግማሹን ሌላችሁ። ለየራሳችሁ ሃያ አራት ሃያ አራት ሺህ፣ ለሁለት ሕንፃ። ሰኞ ተነሱ። ቀድሞ ሕንፃው ደጅ ያደረሰ ሥራውን ይውሰድ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ጥሩምባ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ክዳን ጭነው፣ ሞተር እያስጓሩ፣ በቦዩ ዳር ሲያልፉ በመስኮት ብቅ ብለው ጮኹ፦

«ጋሼ! እንቁላል በእግሩ ሄዶ ሲቀድምህ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሂድ ሂድ! ሳይሰበር ከደረሰ ንገረኝ!»

ጥሩምባ በዚያው ቀን ደርሰው፣ አራግፈው፣ ተመለሱ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ። መንገዱ አዲስ ቢሆንም ጠጠሩ አልተደለደለም ነበር፤ ከየጭነቱ ጥሩ ጥሩው እየተነቀነቀ ይሰበራል። ሁለት ጎማ ፈነዳ። ሐሙስ ረፋድ ላይ አራተኛውን ጭነት አራግፈው ገና ሰባት ምልልስ እንደቀራቸው በጣታቸው ሲቆጥሩ፣ ሆደ ሰፊ ድምፅ ሳታሰማ ወደቡን ተጠግታ ቆመች። ሃያ አራት ሺህ ክዳን በአንድ ሆድ። የተሰበረው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን ራሳቸው ባለጀልባው የሻይ ማንቆርቆሪያ ማስቀመጫ አድርገውት እንደነበር በእውነት ተናዝዘዋል።

ድሉ የእሳቸው በሆነ ነበር። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የሚሠራው ዳገቱ አናት ላይ ነው። ውሃ ዳገት አይወጣም። ጋሽ ቀስ በሉ በአራት ቀን ጉዞ ሁሉን ሲያሰላስሉ ይህን አላሰቡትም ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ጭነት አድርሰው ያውቃሉ እንጂ ከወደብ ወዲያ ያለውን መንገድ ረግጠው አያውቁም። አስኪያጁ ከዳገቱ ወርደው ክምሩን አዩና፣ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን እኮ ወደቡን ልንከድን አይደለም» አሏቸው።

ወዛደሮቹ ሳቁ። ባለጀልባው አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ክዳኖቹን ተራ በተራ በዓይናቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ እንዲህ የሚያደርጉት ሲጨንቃቸው ብቻ ነው። በዚህ መካከል ከጀርባቸው ሞተር ተሰማ። ጥሩምባ የመኪናቸውን ጀርባ ወደ ውሃው አዙረው፣ እያፈገፈጉ፣ ከሆደ ሰፊ ጎን ልክ አንድ ክንድ ሲቀር አቆሙ። ወርደው የኋላውን በር ከፈቱ።

«ምን ትገትረኛለህ? ጫን እንጂ!» አሉ።

«ያንተ የራስህ ሕንፃ ገና አልሞላም።»

«የኔን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አንተ ታመጣልኛለህ። ከዚህ በኋላ በዚያ ጠጠር ላይ ብሄድ ለመሰበር የቀረው የኔ አጥንት ነው።»

ጋሽ ቀስ በሉ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ከዚያ ወደ ወዛደሮቹ ዞረው፣ «ቀስ በሉ!» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ማን አሸነፈ ብለው መጻፍ ስለተቸገሩ በውሉ ላይ፣ «እስከ ወደቡ በውሃ፣ ከወደቡ እስከ ደጅ በመኪና» ብለው አሰፈሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚህች አንዲት መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ሠሩ፤ በሠላሳ አንዱም ዓመት ክርክሩን አንድ ቀን አላቋረጡም።

ክርክሩ ደግሞ ፍሬ አልነበረውም አይባልም። በ1977 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ ወንዙ ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ሆደ ሰፊ ሃምሳ ሁለት ቀን ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ጭነቱን ሁሉ የተሸከሙት ጥሩምባ ናቸው፤ የወንድማቸውንም ቤት ጭምር። በየሳምንቱ መጥተው ከዳር ቆመው፣ «ጋሼ፣ ቤትህ መቼ ነው የሚነሳው?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ከጀልባዋ ጥላ ሥር ባለው ለም ጭቃ ላይ ቲማቲም ተክለው ነበርና፣ «ቲማቲሙ ሲደርስ» ይሉ ነበር። እንዳሉትም ለቀሙ። ለወንድማቸው አንድ ቅርጫት ሙሉ ሲሰጧቸው፣ «ይኸው፣ ጀልባ የማትችለው ነገር የለም» ያሉት አይረሳም። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ዓመት ወዲህ ስለ ወንዝ ሲጠየቁ ደፍረው ይናገሩ ነበር፦ ውሃ ከባዱን ያቀላል፣ አቧራ የለውም፣ ሸክላ አይሰብርም፣ ሰው አያንገላታም። ግን ይዘገያል፤ ይጎድላል፤ ደለል ይሞላዋል፤ ከደጅም አያደርስም። «እንደ ደግ ሰው ነው፤ ካልተቆፈረለት ይደርቃል» ይሉና ደለሉን የሚጠርገው ማሽን እንዲመጣ ለአሥራ አንድ ዓመት በየቢሮው ተመላለሱ። መጣ። ዛሬም እየጠረገ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ጉልበታቸው የጀልባዋን መሰላል እንቢ ሲል መሪውን ለትልቋ ልጃቸው አስረከቡ። ርክክቡ በወጉ መሠረት ያለ ንግግር ተፈጸመ፤ አንድ ቀን ጠዋት አባት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቀሩ፣ ልጅ መሪው ቤት ገቡ። የሚኖሩት ከበሩ አጠገብ፣ ባለቤታቸው በተወለዱበት የጠባቂው ቤት ነበር። በሩ በኤሌክትሪክ መሥራት ስለጀመረ ውሃው በሩብ ሰዓት ይሞላል። ይህን መቼም አልወደዱትም። «በሩብ ሰዓት ማን ሚስት ያገኛል?» ይሉ ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ መርምረው፣ «ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው፤ ሁሉን ቀስ ብለው» ሲሏቸው በጣም ተደሰቱ። «ሰባ ስድስት ዓመት ጠብቄ አንድ የተማረ ሰው ከኔ ጋር ተስማማ!» እያሉ ለአላፊ አግዳሚው ነገሩ። መድኃኒታቸውን ግን የሚውጡት ባለቤታቸው ካስፈራሯቸው በኋላ ብቻ ነበር።

ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ክርክር ተነስቶ ነበር። ለሆስፒታሉ አርባ ቶን የሚመዝን ትራንስፎርመር መጥቷል። ጥሩምባ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ራሳቸው ነድተው በአንድ ጀምበር እንደሚያደርሱት ይምላሉ። ትልቋ ልጅ ደግሞ የድልድዩን ነገር ያነሳሉ።

«ድልድዩ ሃያ ቶን ሲወጣበት ያቃስታል፣ አጎቴ። አርባ ሲወጣበት ምን ሊል ነው?»

«ምን ይላል? አብረን እናቃስታለን!»

«እርስዎ ያቃስቱ። ትራንስፎርመሩ ግን አደራ ነው።»

«ያንቺ ጀልባ ደግሞ ሆስፒታሉ ደጅ ድረስ በምን ልትወጣ ነው? በክንፍ?»

«እሺ፣ አባዬ ይፍረደን!»

«ይፍረደን! ጋሼ፣ በል ፍረድ!»

ሁለቱም ዞሩ። ጋሽ ቀስ በሉ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አሳርፈው፣ ፊታቸው ወደ በሩ እንደዞረ፣ ሳይፈርዱ ሄደው ነበር። ከንፈራቸው ላይ የፈገግታ ጫፍ ነበረ፤ ሻያቸውም ገና ትኩስ ነበር። መቼ እንደሄዱ ያየ የለም። ባለቤታቸው ወጥተው ብርጭቆውን ከእጃቸው ቀስ ብለው ወሰዱና፣ «እንደ ልማዱ ነው» አሉ። ሰባ ስምንተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር።

የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን ጥሩምባን፣ እንዲሁም ሰው ባትሆንም ከዚህ ዝርዝር ብትቀር እሳቸው የሚቆጡላትን ሆደ ሰፊን ትተው አልፈዋል። ትራንስፎርመሩ ባለፈው ማክሰኞ ደርሷል፤ እስከ ወደቡ በውሃ፣ ከወደቡ እስከ ደጅ በመኪና።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ውሃ አጠገብ ያሳርፍ። እዚያም በር ካለ፣ ጠባቂው መዝገቡን ይጣልላቸው። ለቀረነው ሁሉ የእሳቸውን ትዕግሥት፣ ባይሆን እኩሌታውን ይስጠን።

ሥርዓተ ቀብሩ ከላይኛው ወደብ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ይፈጸማል። በኑዛዜያቸው መሠረት እስከ ወደቡ የሚወስዷቸው ትልቋ ልጃቸው ናቸው። ጥሩምባ መኪናቸውን ከጠዋት ጀምረው አጥበው፣ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥተው ወደቡ ላይ አቁመዋታል፤ ጥሩምባውን ላለመንፋትም ቃል ገብተዋል። ይህ ጽሑፍ መነበብ ሲጀመር ሆደ ሰፊ እሳቸውን ይዛ ከበስተጀርባችሁ ገንዳው ውስጥ ነበረች። ጽሑፉ የተለካውም ውሃው በሚሞላበት ጊዜ ልክ ነው። እዚህ መስመር ላይ ስንደርስ ውሃው እሳቸው የተወለዱባትን እኩሌታ ካለፈ ቆይቷል፤ የላይኛው በር ተከፍቷል፤ ገመዱም ተፈትቷል።

ወጉን ታውቃላችሁና ማንም አይዙር። ሻይ በረንዳው ላይ ተቀድቷል። ረጋ ብላችሁ ጠጡ፤ በእግራችን ሄደን እንቀድማቸዋለን።